ቴፕ የበላው ስንኝ

አጎቴ ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናነሳ ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ጣሳ አገኘን። ውስጡ አሥራ አንድ ካሴት፣ ሁለት የዛጉ የባትሪ ድንጋዮችና አንድ ቢክ እስክሪብቶ ነበር። ቢኩ የተቀመጠው ለመጻፍ አይደለም፤ ክሩ ሲላላ በካሴቱ ቀዳዳ አስገብተው የሚያጠነጥኑበት ነው። ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ ቁልጭ ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት "ሙሉቀን ከዳህላክ ጋር፤ እነዋሪ" ተብሎ ተጽፏል። ያን የሙሉቀን መለሰና የዳህላክ ባንድ ካሴት አውቀዋለሁ። የእኛ ቤት ካሴት ነበር።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ተመድቦ ሰባት ዓመት አስተምሯል። እኔ ከተማዋን የማውቃት በስሟ ብቻ ነው። በልጅነቴ እነዋሪ ማለት አጎቴን የወሰደብን ቦታ ነበር። ለበዓል ሲመጣ የምስር ክክና የስንዴ ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ ጫማው ላይ የተጋገረው ጥቁር ጭቃ ግን በውኃም በቢላም አይለቅም። ያ ጭቃ ስለ አገሩ የነገረኝን ሁሉ አምኜ ነው ያደግሁት። አጎቴ ችግረኛ አገር ሄዶ፣ ዘፈን የማያውቅ ሰው መካከል፣ በአንድ ካሴት ናፍቆቱን እያስታመመ የኖረ ይመስለኝ ነበር። ጣሳው ከተገኘ በኋላ ካሴቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ እነዋሪ ተነሳሁ።

ከላምበረት የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሾፌር ሙዚቃውን የሚያጫውተው ከፍላሽ ነው። ሦስት አራት መቶ ዘፈን ሳይኖረው አይቀርም፤ አንዱንም ግን እስከ መጨረሻው አላሰማንም። መግቢያው አልቆ ድምፃዊው አፉን ሲከፍት ረዳቱ እጁን ሰደድ አድርጎ ያሳልፈዋል። ሰንዳፋ ሳንደርስ ብዙ ዘፈን ጀምረን አንድም አልጨረስንም። ልጁን አልፈረድኩበትም፤ ምርጫ ሲበዛ ትዕግሥት ያንሳል። ግን የ2004 ዓ.ም. ፋሲካ ትዝ አለኝ። የቴዲ አፍሮ "ጥቁር ሰው" በወጣበት ሰሞን ከአንዱ ታክሲ ወርጄ ሌላው ውስጥ ስገባ፣ ዘፈኑ ካቆምኩበት የሚቀጥልልኝ ይመስለኝ ነበር። ከተማው በሙሉ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ያዳመጠበት የመጨረሻው ጊዜ እሱ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ያኔ ሥራው በሲዲ ነበር የወጣው። እኛ ግን "ቴዲ ካሴት አወጣ" ነበር የምንለው። እስከ ዛሬም የምንል አለን። አልበም የሚለው ቃል በቤታችን ሌላ ሥራ ነበረው። አልበም ማለት እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ጭኑ ላይ የሚቀመጥለት፣ የክርስትናና የሠርግ ፎቶ የተደረደረበት ትልቅ ደብተር ነው። በኋላ ቃሉ ወደ ሙዚቃ ሲዞር ቅር ያለው ሰው አላየሁም። እንግዳውን እናቴ በፎቶው አልበም ታጫውተዋለች፣ አባቴ በካሴቱ፤ ሁለቱም ቤታችን ስለ ራሱ ለእንግዳ የሚናገርባቸው ነበሩ።

ሸኖ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች ናት፤ መንገድ ዳር ተደርድረው የሚሸጡት ሴቶች ገና በሩ ሳይከፈት ከበቡን። የቅቤ ሽታና አዲስ ካሴት ለእኔ አንድ ናቸው። በእኛ አገር ዘፋኝ ሥራውን የሚያወጣው ለበዓል ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። የፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው አዲሱን ይለቁት ነበር፤ አባቴ በግ ሊገዛ ወጥቶ ካሴትም ይዞ ይገባል። እናቴ ቅቤ ታነጥራለች፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና የሙሉቀን መለሰ ድምፅ አንድ ላይ ከማጀት ይወጣሉ። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን የማታ ጭፈራ ቤቱ ሲዘጋ ሙዚቃ ወደ ሰው ቤት ገባ፤ የገባውም በካሴት ነው። ስለዚህ የእኔ ትውልድ ሙሉቀንንም፣ ነዋይ ደበበንም፣ ኤፍሬም ታምሩንም መድረክ ላይ ሳይሆን ማጀት አካባቢ ነው ያወቃቸው።

ያ ካሴት የተበላውም በአንድ የበዓል ዋዜማ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎን ሁለት፣ ሁለተኛው ዘፈን መካከል ላይ ድምፁ ወፈረ፣ ጎተተ፣ ጸጥ አለ። የቴፑን በር ስከፍት ቡናማው ክር እየተተረተረ ወጣ፤ ተጨማዶ የሻይ ቅጠል መስሏል። ታላቅ እህቴ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ዝም ብላ ተቀመጠችና መጠገን ጀመረች። የተጨማደደውን በመቀስ ቆርጣ ጣለች፤ ሁለቱን ጫፍ አነባብራ በኩቴክስ አጣበቀች፤ እፍ እፍ እያለች አደረቀችው። የተጣለው አንድ ስንዝር ያህል ነበር። አንድ ስንዝር ክር አራት ሰከንድ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። አራት ሰከንድ ግማሽ ስንኝ ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ ሙሉቀን እዚያ ቦታ ሲደርስ ይዘልላል። ያኔ ያላሰብነው ደግሞ አለ፤ ክሩ ሁለቱንም ገጽ የሚሸከም አንድ ክር ነውና ካሴቱን ስናገላብጥ ጎን አንድም አራተኛው ዘፈን ላይ ጎድሎ አገኘነው። አንድ ቁስል በሁለት በኩል ታየ።

አጎቴ እነዋሪ ሲመደብ አባቴ ያን ካሴት ሰጠው። የተጠገነውን መስጠቱ በልጅ ልቤ ነውር መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ከቤታችን ካሴቶች ሁሉ ያ የበለጠ የእኛ እንደነበረ ይገባኛል።

ደብረ ብርሃን ላይ አደርኩ። ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ብርድ ልብሱ ለምን እንዳስፈለጋት ሌሊቱን ገባኝ። በአልጋዬ ላይ ሁለት ነበር፤ አልበቃኝም። ከታች ካለው ቤት የአስቴር አወቀ "ካቡ" ይሰማል፤ ሳይቆራረጥ፣ ከነተራው። "ካቡ" የወጣው በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ አስቴር አሜሪካ እየኖረች የሠራችው። ኩቴክሷን የሠዋችልን እህቴም ወደ ባሕር ማዶ የሄደችው በዚያው ሰሞን ነው። ደብዳቤ መጻፍ አትወድምና ድምፅዋን በባዶ ካሴት ቀድታ ትልክልን ነበር። የአስቴር ካሴትና የእህቴ ካሴት በአንድ መሳቢያ ተቀመጡ። እናቴ ፊደል አትለይም ነበርና አንዱን ስትፈልግ ሌላውን የምትከፍትበት ጊዜ አለ። ዘፈን ሲመጣም አታጠፋውም፤ ከአንድ አገር የመጡ ሁለት ልጆች ናቸው።

ጠዋት በሶ በጥብጠው አቀረቡልኝና ያደርኩበት ቤት ባለቤት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። የካሴቱን ነገር ስነግራቸው ከካሴት በፊት ስለነበረው ሸክላ አነሱ። እኔም ተሰማ እሸቴን አሰብኩ። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከሚንጃር የተነሳው ተሰማ በምኒልክ ዘመን የመኪና ሙያ እንዲማር ጀርመን ተልኮ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ድምፁን በሸክላ ላይ አስቀረጸ፤ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገርለታል። ተቀርጾ የሚሰማ ዘፈን ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር የወረደ ነገር ነው ብዬ ለማመን ከእንግዲህ ይከብደኛል። የሚንጃር ልጅ ሸክላው ላይ የገባው አዲስ አበባ የግል ሙዚቃ አሳታሚ ከማግኘቷ 60 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የሚመጣው ይምጣ ብሎ የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ድምፅ በራሱ ያሳተመው በ1961 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመን ስድስት ዓመት ያህል ቆየ፤ አምሃ አገር ጥሎ ሄደ፤ ካሴት ተተካ። የአምሃ ሸክላዎች በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የ"ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ሲዲ ዓለምን ዞሩ። ብዙዎቹ የካሴት ዘመን ሥራዎች ግን እንዲህ የሚሰበስባቸው አላገኙም። የእነሱ ግምጃ ቤት አሁንም የብስኩት ጣሳ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደነባ ሲወጡ ምድሩ ሜዳ ይሆናል። ደነባ ላይ ልጆች የባቄላ እሸት በእቅፍ ይዘው መስኮት ያንኳኳሉ። ከዚያ ወዲያ እነዋሪ ያለችበት የጅሩ ምድር ነው። እዚህ ጋ ስለ ጫማው ጭቃ ያመንኩት ሁሉ ፈረሰ። ያ ጥቁር አፈር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ውኃ ስለሚያቁር ሌላው ቦታ ገበሬን ያስመርራል። የጅሩ ገበሬ ግን አጥንቶታል። ማሳውን ሰፋ ሰፋ ባለ መደብ ይከፍልና በመካከሉ ቦይ ያወጣል፤ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይፈስሳል፣ ስንዴው መደቡ ላይ በደረቅ ሥር ይቆማል። ይህን ሴቱም ልጁም ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሲሠራው የኖረ ነው፤ ተመራማሪዎችም መጥተው ያጠኑት እጅ የሠራውን አይተው ነው። ከመኪናው መስኮት ሳየው መደብና ቦዩ እስከ አድማስ ተሰምሯል። የሸክላ ፊት ይመስላል።

እነዋሪ ስገባ የገበያ ቀን ነበር። ስለ አጎቴ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ሰው ወደ አንድ ሱቅ መራኝ። ባለ ሱቁ ሰባውን የተሻገሩ፣ ጋቢያቸውን በወጉ የደረቡ ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩትና፣

"የመምህር የእህት ልጅ ነህ? ምነው ታዲያ እስካሁን!" አሉኝ።

ሱቁን ለልጃቸው ትተው ቤት ወሰዱኝ። ቁርጥ ቀረበ። የጅሩ ሰንጋ በጓያና በጭድ፣ ደጅ ሳይወጣ፣ በቤት ውስጥ የሚቀለብ ነው፤ ሥጋው ላይ ያለው ነጭ ሞራ ይህን ይመሰክራል። እርሳቸው በወጣትነታቸው ሰንጋ ነጋዴ ነበሩ። በልቤ የያዝኩትን ግምት ያወቁት ይመስል እንዲህ ብለው ጀመሩ።

"መምህር ሳይመጣ በፊትም ካሴት ነበረን። ለፋሲካ ሰንጋ ይዘን አዲስ አበባ እንወርዳለን። ሽጠን ስንመለስ ለሚስት ሻሽ፣ ለቤት ካሴት። ከሻሹ የበለጠ የሚጠየቀው ካሴቱ ነው። ገና ከመኪና ሳልወርድ 'የማን መጣ?' ይሉኛል።"

እኔ የማውቀው ፋሲካ አባቴ ከፒያሳ ካሴት ይዞ የሚገባበት ነው። ያው ካሴት በዚያው ሳምንት እነዋሪ ይገባ እንደነበር አላሰብኩም። እኛ የበላነው ሥጋ ከጅሩ መጥቶ ከነበረ፣ ሰንጋውን ያመጣው ሰው የሰማውን ዘፈን እኛም ሰምተናል። አጎቴም ሙዚቃ ወደማያውቅ አገር አልሄደም።

አጎቴ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ሥርዓት። ሰውየው እንደነገሩኝ ቅዳሜ ማታ ተማሪውም ጎረቤቱም በተከራየው ቤት ደጃፍ ይሰበሰባል። የባትሪ ድንጋዮቹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲያሞቃቸው ይውላል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘሩለታል። ከዚያ ካሴቱን ከጎን አንድ መጀመሪያ ይከፍተዋል። ማሳለፍ የለም፤ መመለስም የለም፤ ድንጋዩ ያልቃላ! ደስ የማይለውም ዘፈን ተራው እስኪያልፍ ይደመጣል። "በኋላ ደስ ያላለን ነው የሚናፍቀን የነበረ" አሉ ባለቤታቸው ከምድጃው አጠገብ። ይህን አባባላቸውን መንገድ ሁሉ አልረሳሁትም። እኔም ዛሬ አጥብቄ የምወዳቸው ዘፈኖች ያኔ ለማሳለፍ ሰንፌ የሰማኋቸው ናቸው።

ሰውየው ቆየት ብለው ሙዚቃ ቅጂም ሠርተዋል። ባለ ሁለት ቤት ቴፕ ገዝተው ባዶ ካሴት ለሚያመጣ ሁሉ ይቀዱ ነበር። ባለ ስድሳ ደቂቃው አንድ ሥራ ይይዛል፣ ዘጠናው ትርፍ ቦታ አለው። የመምህርን የሙሉቀን ካሴት ለስንቱ እንደቀዱ አያውቁትም። "ጅሁር ድረስ ሄዷል" ብቻ አሉ። ሙሉቀን በኋላ ዘፈኑን ትቶ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት ገባ፤ አሜሪካም ኖሮ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። ዘፈን ትቶ አዲስ ካሴት እንደማያወጣ በታወቀ ጊዜ ያለው ካሴት ዋጋው ጨመረ፤ ሰዉም ደጋግሞ ያስቀዳ ጀመር።

ካሴቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቴፑ አለ፤ አቧራው በጋቢ ጫፍ ተጠረገ፤ አንደኛው በር አይዘጋም፣ ሁለተኛው ይሠራል። ጎን ሁለትን አስገባን። ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሙሉቀን ነው፣ ዳህላክም ዳህላክ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ሰውየው በለሆሳስ አብረው ማለት ያዙ፤ ባለቤታቸውም ከቡናው ቀና ሳይሉ ተከተሉ፤ እኔም ገባሁ። ወደዚያ ቦታ ስንቃረብ ልቤ መታ። ሙሉቀን ዘለለ። ሰውየው ዘለሉ። ባለቤታቸው ዘለሉ። እኔም ዘለልኩ። ማንም አልተደናቀፈም። ሦስታችንም ግማሹን ስንኝ ትተን ከተከታዩ ቃል ጋር እኩል ወደቅን።

አቆምኩትና እንባዬ መጣ። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የኩቴክሱን ታሪክ ነገርኳቸው። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ቦታው የጎደለ መሆኑን የሰሙት። "የዘፈኑ ስልት መስሎን ነው እኮ የኖርነው!" አሉ። ካሴቱን አገላብጬ ጎን አንድ አራተኛው ላይ ያለውን ሁለተኛ ጉድለት አሳየኋቸው፤ እሱንም በቃላቸው ያውቁት ኖሯል። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አዲስ አበባ ላይ ያበላሸው፣ አንዲት ልጃገረድ በጥፍር ቀለም ያጣበቀችው አንድ ስንዝር ክር በጅሩ ሜዳ ላይ ተዘርቶ በቅሎ ኖሯል።

ስልኬ ላይ ሙሉው ዘፈን ነበረኝና አሰማኋቸው። ጥርት ያለ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁለቱም ዝም አሉ። ሙሉው ስንኝ አለፈ። እማማ ስኒውን አስቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ ጋ ረዘመብኝ" አሉ።

በማግስቱ ወደ ዜና ማርቆስ ገዳም ወረድኩ። ገዳሙ ከጀማ ሸለቆ በኩል ነው። ጻድቁ አቡነ ዜና ማርቆስ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመድ እንደነበሩ ይነገራል፤ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሰው ለጸሎት የሚመንንበት ቦታ ነው። ከሜዳው ጫፍ ላይ ምድሩ በድንገት ይቋረጣል፤ ጭላዳዎች አፋፉ ላይ ሣር ይነጫሉ፤ ከታች የጀማ ወንዝ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ከማታው ቴፕ በኋላ ጸጥታው ከበደኝ።

በመንገድ ላይ ካገኘኋቸው አንድ አባት ጋር ስለ ብራና መጻሕፍት ስናወራ የካሴቱን ነገር አነሳሁ። ደፈርኩ መሰለኝ፤ እርሳቸው ግን በጥሞና ሰሙኝ። "በእኛም አለ" አሉ፤ "ግድፈት እንለዋለን።" ጸሐፊ ሲደክመው አንድ መስመር ይዘልላል። ቀጥሎ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጠውም ዘልሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ግድፈት ከተገኘባቸው ከአንድ አባት የተወለዱ ናቸው። ስለ እርማቱም ጠየቅኋቸው። "የቀረው ቃል ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይጨመራል" አሉኝ። "የፊተኛው ጸሐፊ እጅ አይፋቅም። ደክሞት እንደነበረም ይታወቅለታል።"

ከአንድ አባት የተወለዱ የሚለው ቃል አብሮኝ ሽቅብ ወጣ። ለሙዚቃ ያለኝን ፍቅር እስካሁን የማስረዳው በዘፋኙ፣ በባንዱ፣ በዜማው ነበር። ቤቴ የነበረውን ጉድለት በቃሉ የሚያውቅ ሰው እነዋሪ ላይ ማግኘቴ ግን ከሙሉቀንም ከዳህላክም የመጣ አይደለም። ከሚቀዱት፣ ከሚያስቀዱት፣ ከሚጠግኑት፣ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ከሚያሰጡት ሰዎች የመጣ ነው። የእነሱ ስም ካሴቱ ልባስ ላይ የለም።

ከመመለሴ በፊት ካሴቱን ለሰውየው ሰጠኋቸው። አልቀበልም ብለው ተከራከሩኝ፤ "የመምህር አደራ ነው" ስላቸው ተቀበሉ። ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ልጅ ቴፑን ከስልኬ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ቀዳልኝ፤ ሁለቱም ጎን፣ ከነዝላዩ፣ ከነንቅጥቃጤው። እህቴ ወዳለችበት ላክሁላት።

እናንተም ቁም ሣጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ወይም የወላጆቻችሁ ቤት የቀረ ካሴት ካላችሁ ዛሬውኑ አውርዱት። ክር ይደርቃል፣ ይሻግታል፣ አንድ ቀን እጅ ላይ ይበጣጠሳል። የሚሠራ ቴፕ ያለው ሰው ፈልጉና አስቀዱት። ሙሉው ዘፈን ከተገኘም ለብቻው ይቀመጥ፤ ቴፕ የበላውን ቦታ ግን አትሙሉት።